ቡናማው ሁሉ ፒ65 አይደለም

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። አንድ የድኅረ ምረቃ ተመራማሪ በመጠጥ ውኃ ዴክስትራን ሰልፌት ሶዲየም እየሰጡ በአይጦች ትልቁ አንጀት ላይ ብግነት አስነሥተዋል። ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለው የብግነት መልእክት መንገድ መነቃቃቱን ለማየትም የኤንኤፍ ካፓ ቢ ክፍል የሆነውን ፒ65 የተባለ ፕሮቲን የሚይዝ፣ ከአይጥ የተሠራ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ተጠቀሙ። አንቲቦዲው ፕሮቲኖችን በመጠናቸው ለይቶ በሚያሳየው በዌስተርን ብሎት አንድ ጥርት ያለ መስመር ብቻ ሰጥቷቸዋል። በፎርማሊን ተጠብቆ በፓራፊን በተቀበረው ሕብረ ሕዋስ ላይ ሲሞክሩት ግን፣ ቡናማው ቀለም አንቲቦዲው የያዘበትን ቦታ ብቻ ማሳየት ሲገባው፣ ስላይዱ በሙሉ ቡናማ ሆነ፤ የታመመውም ጤነኛውም አይጥ አንድ ዓይነት መሰለ። «አንቲቦዲው ተበላሽቶ ነው? ሌላ ልግዛ?» ብለው ይጠይቃሉ።

አንቲቦዲውን አይጣሉት፤ ሌላም ገና አይግዙ። ከገለጻዎ የምረዳው ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ተደራርበው እንደ አንድ ችግር መታየታቸውን ነው። አንደኛው የአሠራር ነው፤ ከሚያዩት ቡናማ ቀለም ብዙው ከፒ65 ጋር ጭራሽ ግንኙነት የሌለው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የሥነ ሕይወት ነው፤ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ትክክል ቢሆንም እንኳ የሁለቱ አይጦች የቡናማነት መጠን ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል። ፒ65 ጥያቄዎን የሚመልሰው በብዛቱ ሳይሆን በሚገኝበት ቦታ ነውና።

ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው «ከአይጥ የተሠራ» በሚለው ላይ ነው። ከላይ የሚጨምሩት፣ ቀለሙን የሚያስነሣው ኢንዛይም የተያያዘበት ሁለተኛው አንቲቦዲ የተሠራው የአይጥን ኢሚውኖግሎቡሊን፣ ማለትም የአይጥን አንቲቦዲ፣ ሁሉ እንዲይዝ ነው። እርስዎ ያኖሩትን እንስሳው ራሱ ካመረተው ለይቶ አያውቅም። ይህ ችግር በየትኛውም የአይጥ ሕብረ ሕዋስ ላይ አለ፤ ትልቁ አንጀት ግን ከከፉት ቦታዎች አንዱ ነው። ከሽፋን ሕዋሳቱ ሥር ያለው ልል ሕብረ ሕዋስ በጤነኛ እንስሳም ቢሆን ኢሚውኖግሎቡሊን ኤ በሚያመርቱ የፕላዝማ ሕዋሳት የተሞላ ነው። ያ ኢሚውኖግሎቡሊንም እዚያው አይቀመጥም፤ በሽፋን ሕዋሳቱ ውስጥ እያለፈ ወደ አንጀቱ ክፍተት ይወጣል። «ሁለተኛው አንቲቦዲዬ የሚይዘው ኢሚውኖግሎቡሊን ጂ የተባለውን ዓይነት ብቻ ነው» ብለው ይከራከሩ ይሆናል። ጠርሙሱ ላይ «ከባዱንም ቀላሉንም ሰንሰለት ይይዛል» የሚል ከተጻፈ ግን፣ ቀላሉ ሰንሰለት የሁሉም የኢሚውኖግሎቡሊን ዓይነቶች የጋራ ስለሆነ፣ ሁሉንም ይይዛል። ስለዚህ ሽፋን ሕዋሱም፣ ከሥሩ ያለው ክፍልም፣ ጤነኛውም አይጥ ቡናማ ይሆናል ማለት ነው። እርስዎ የገለጹት ምስል ከዚህ ጋር በደንብ ይገጥማል።

ብግነቱ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። የደም ሥሮች ሲያፈስሱ የደም ፕሮቲኖች፣ ኢሚውኖግሎቡሊንም ጭምር፣ ወደ ሕብረ ሕዋሱ ይገባሉ። የሚጎርፉት ኒውትሮፊሎችና ኢዮሲኖፊሎች የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በራሳቸው ፐሮክሲዴዝ፣ ማለትም ቡናማውን ቀለም በሚያስነሣው ዓይነት ኢንዛይም፣ የታጨቁ ናቸው፤ ማክሮፋጆችም የአንቲቦዲን ጅራት የሚይዙ ተቀባዮች አሏቸው። የብግነት ሕብረ ሕዋስ ጤነኛው የማያመጣውን የሐሰት ቀለም ይዞ እንደሚመጣ ያልተረዳ ሰው፣ «በታመመው ላይ ቀለሙ ጨመረ» ብሎ ያልተገኘ ውጤት ሊያሳትም ይችላል። የሁለቱ ቡድኖች መመሳሰል ያሳዘነዎት ቢሆንም፣ ከዚህ የባሰው አደጋ ለዓይን የሚያስደስት የሐሰት ልዩነት መታየቱ ነበር።

ይህ ግምት መሆኑ ቀርቶ እንዲረጋገጥ ሦስት ስላይዶች ይበቃሉ፤ ሁሉም ከዚያው የፓራፊን ብሎክ፣ ከታመመውም ከጤነኛውም ይቆረጡ። በመጀመሪያው ላይ ምንም አንቲቦዲ ሳይኖር ቡናማውን ቀለም የሚሰጠውን ዲኤቢ ብቻ ይጨምሩ። ቀለም ከታየ ወይ የሕብረ ሕዋሱ ፐሮክሲዴዝ በደንብ አልተገታም፣ ወይም ያዩት እንደ ሄሞሲደሪን ያለ የተፈጥሮ ቡናማ ነገር ነው። በሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን (የፒ65ን) አንቲቦዲ ብቻ ሳይጨምሩ ሌላውን ሁሉ ያድርጉ። እዚህ ላይ ቡናማ ከሆነ ጥፋተኛው ሁለተኛው አንቲቦዲ ነው፤ በእርስዎ ሁኔታ የምጠብቀውም ይህንኑ ነው። በሦስተኛው ላይ በፒ65 አንቲቦዲ ፋንታ ከተመሳሳይ እንስሳና ዓይነት የሆነ፣ ምንም ዒላማ የሌለው አንቲቦዲ ያድርጉ። እዚህ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ፦ እኩል መሆን ያለበት የማቅጠኛው ቁጥር ሳይሆን በሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው የማይክሮግራም መጠን ነው። ሁለት ጠርሙሶች በ1 ለ200 ቢቀጥኑ፣ መነሻ ክምችታቸው ከተለያየ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ስላይድ ቡናማ ከሆነ መውጫው ሁለት ነው። በሕብረ ሕዋሱ ያለውን የአይጥ ኢሚውኖግሎቡሊን ፋብ በተባሉ የአንቲቦዲ ቁራጮች አስቀድሞ መሸፈን ይቻላል፤ ለዚሁ ተብለው የተዘጋጁ ኪቶችም አሉ። በብግነት ሕብረ ሕዋስ ላይ ግን ኢሚውኖግሎቡሊኑ እጅግ ብዙ ስለሆነ ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ከፊል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለአይጥ ሕብረ ሕዋስ ከጥንቸል የተሠራ አንቲቦዲን እመርጣለሁ፤ ሁለተኛውም ከአይጥ ኢሚውኖግሎቡሊን ጋር እንዳይጣበቅ የተጣራ ይሁን።

አሁን ወደ ዌስተርን ብሎቱ ልምጣ። የዚያ ጥርት ያለ መስመር ማረጋገጫነት በጣም ብዙ ሰው አሳስቷል። በዌስተርን ብሎት ፕሮቲኑ በሳሙና መሰል ኬሚካልና በሙቀት ተፈትቶ፣ በመጠኑ ተለይቶ ነው የሚቀርበው። በፓራፊን ውስጥ ያለው ፕሮቲን ግን ፎርማልዴሃይድ ከጎረቤቶቹ ጋር ያስተሳሰረው፣ ከፊል ቅርጹን የያዘ፣ ከሌሎች እልፍ ፕሮቲኖች ጋር የተጨናነቀ ነው። አንቲቦዲው የሚይዛት ትንሽ ቁራጭ፣ ኤፒቶፕ የምንላት፣ በአንዱ ተገልጣ በሌላው ልትደበቅ ትችላለች። በዌስተርን ብሎት ላይ በመጠኑ ተለይቶ ሌላ ቦታ ያርፍ የነበረ ባዕድ ፕሮቲንም በስላይድ ላይ የሚለየው ነገር የለም፤ ሁሉም ያው ቡናማ ነው። በዚያ ላይ ብሎቱን የሠሩት ከየትኛው ናሙና ነው? በቤተ ሙከራ ከሚያድጉ ሕዋሳት ከሆነ፣ አንጀት ውስጥ ያለ፣ እነዚያ ሕዋሳት ግን የማያመርቱት ፕሮቲን በብሎቱ ላይ ሊታይ አይችልም ነበር።

በ2016 ዓለም አቀፍ የአንቲቦዲ ማረጋገጫ የሥራ ቡድን ያወጣው ሐሳብም ይህንኑ ነው የሚለው፦ አንቲቦዲ የሚረጋገጠው ለአንድ አገልግሎትና ለአንድ ዓይነት ናሙና እንጂ በጥቅሉ አይደለም። ቡድኑ አምስት መንገዶችን አስቀምጧል። ጂኑን በማስወገድ ወይም በማዳከም መፈተን፣ አንቲቦዲ በማይጠቀም ሌላ ዘዴ ማነጻጸር፣ ሌላ ኤፒቶፕ የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ ማሰለፍ፣ ምልክት የተቀጠለበትን ፕሮቲን መከታተል፣ አንቲቦዲው የያዘውን ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለየው በማስ ስፔክትሮሜትሪ መለየት። አምስቱንም ማንም ይሥራ አይልም፤ ቢያንስ አንዱን ግን ይሥራ። በፔፕታይድ ማገድ ከእነዚህ መካከል አለመኖሩን ልብ ይበሉ። አንቲቦዲውን ከተሠራበት ፔፕታይድ ጋር ሲያዋህዱት መያዣው ስለሚሞላ እውነተኛውም የሐሰቱም ቀለም አብሮ ይጠፋል። የቀለሙ መጥፋት የሚነግርዎት መያዣው መታገዱን ብቻ ነው፤ ሕብረ ሕዋሱ ላይ ምን ይዞ እንደነበር አይነግርዎትም።

የፒ65 ጉዳይ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ2011 በአእምሮ ጥናት ላይ የሚውሉ የፒ65 እና የዘመዱን የፒ50 አንቲቦዲዎችን የፈተሸ አንድ ጥናት፣ በስፋት ሲጠቀሱ የነበሩ በርካታ አንቲቦዲዎች ዒላማቸው ያልሆነውን እንደሚያቀልሙ አሳይቶ አስጠንቅቋል። ስለዚህ «እገሌ በዚህ ቁጥር ተጠቅሞ አሳትሟል» የሚለው ብቻውን አያሳምነኝም።

ከሁሉም ይበልጥ ልቤ ያለበት ግን የሥነ ሕይወቱ ክፍል ነው። ኤንኤፍ ካፓ ቢ በ1986 በራንጃን ሴን እና በዴቪድ ባልቲሞር ሲገለጽ የቢ ሕዋሳት ጉዳይ መስሎ ነበር፤ ዛሬ በሁሉም ዓይነት ሕዋስ ውስጥ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ እንደሚገኝ እናውቃለን። ፒ65 በሰላሙም ጊዜ በሳይቶፕላዝም፣ ማለትም ከኒውክለሱ (ጂኖቹ ካሉበት የሕዋሱ እምብርት) ውጭ ባለው ክፍል፣ ውስጥ አለ፤ አይ ካፓ ቢ አልፋ የተባለው ፕሮቲን የኒውክለስ መግቢያ ምልክቱን ሸፍኖ ይዞታል። እንደ ቲኤንኤፍ ያለ የብግነት መልእክት ሲደርስ አይኬኬ የተባለው ኢንዛይም በአይ ካፓ ቢ አልፋ ሴሪን 32 እና 36 ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፤ አይ ካፓ ቢም ተሰባብሮ ይጠፋል፤ ፒ65 ነጻ ወጥቶ ወደ ኒውክለስ ይገባል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ፒ65 ኒውክለስ ገብቶ ከሚያስነሣቸው ጂኖች አንዱ የአይ ካፓ ቢ አልፋ የራሱ ጂን ነው፤ አዲስ የተመረተው አይ ካፓ ቢም ገብቶ ፒ65ን ይዞ ያወጣዋል።

ከዚህ የሚከተለው ለስላይድዎ ወሳኝ ነው። የፒ65 ጠቅላላ መጠን በዚህ ሁሉ መሐል ብዙ ላይለወጥ ይችላል፤ የተለወጠው አድራሻው ነው። ጤነኛው አንጀት ቡናማ ሳይቶፕላዝም ቢያሳይ ስሕተት አይደለም፣ እንዲያውም የሚጠበቅ ነው። ከታመመው የሚጠብቁት ደግሞ ሁሉም ኒውክለስ ቡናማ እንዲሆን አይደለም። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ያሉ ሕዋሳት ቲኤንኤፍን በአንድ ቅጽበት ስለሚቀምሱ በአንድነት ይነሣሉ፤ በሕያው አንጀት ውስጥ ግን እያንዳንዱ ሕዋስ በየራሱ ሰዓት እየገባና እየወጣ ነው። በአንዲት ቅጽበት ሲቆረጥ ኒውክለሱ ቡናማ ሆኖ የሚገኘው የተወሰነው ብቻ ይሆናል፤ ቁስለቱ አጠገብ በዛ ብሎ፣ ራቅ ሲል አንሶ። የታመመ አንጀት ኒውክለስ ሁሉ፣ የጡንቻው ንብርብር ሳይቀር፣ እኩል ቡናማ ሆኖ ባይ ደስ ከመሰኘቴ በፊት አንቲቦዲውን እጠረጥራለሁ።

ይህን ለመለየት ዓይንዎ ትክክለኛውን ምስል አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ለዚህም የሕዋስ ብሎክ ከምንም ይበልጣል። ኤንአይኤች 3ቲ3 ፋይብሮብላስቶችን በሁለት ማሳደጊያ ያሳድጉ። አንዱን እንዳለ ይተዉት፤ በሌላው ላይ በሚሊ ሊትር 10 ናኖግራም የአይጥ ቲኤንኤፍ አልፋ ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ሕዋሳቱን በትሪፕሲን አያንሡ፤ ፎርማሊኑን እዚያው ያፍስሱባቸው፣ ከዚያ ፍቀው ይሰብስቡ፣ በሴንትሪፊውጅ አጠራቅመው በአጋሮዝ ያርጉ፣ እንደ ማንኛውም ሕብረ ሕዋስ በፓራፊን ይቅበሩ። ሁለቱን ጎን ለጎን በአንድ ስላይድ ላይ አድርገው ሲያቀልሙ፣ ያልተነካው ወገን እያንዳንዱ ሕዋስ መሐሉ ሰማያዊ፣ ዙሪያው ቡናማ ቀለበት ሆኖ ይታያል። ቲኤንኤፍ የቀመሰው ወገን ይገለበጣል፤ መሐሉ ይጠቁርና ዙሪያው ይገረጣል። ይህን ግልብጥ የማያሳይ አንቲቦዲ በአንጀት ላይ የሚያሳየውን ማመን አይቻልም። ካሳየ ደግሞ ያንኑ ስላይድ በእያንዳንዱ ቀን ሥራ ውስጥ ያስገቡት፤ ቀለሙ ያልሠራበትን ቀን ወዲያው ይነግርዎታል።

ፒ65 የሌለው ሕብረ ሕዋስስ? የፒ65 ጂን ጨርሶ የተወገደባቸው አይጦች የጉበት ሕዋሶቻቸው እየሞቱ በጽንስነት በ15ኛው ቀን ገደማ ይሞታሉ፤ ስለዚህ ጎልማሳ አንጀት ከእነርሱ አያገኙም። ጂኑ የተወገደባቸው ፋይብሮብላስቶች ግን ይገኛሉ፤ ጂን በሚቆርጠው ክሪስፐር በተባለው ዘዴም መሥራት ይቻላል። እነርሱን ሦስተኛ ወገን አድርገው በዚያው የሕዋስ ብሎክ ውስጥ ቢያካትቱ ከአምስቱ መንገዶች የመጀመሪያውን ፈጸሙ ማለት ነው። ጂኑ ከአንጀት ሽፋን ሕዋስ ብቻ የተወገደበት አይጥ የሚያራባ ቡድን ብታውቁማ እንዴት መልካም ነበር፤ በአንዱ ቁራጭ ላይ ሽፋኑ ባዶ፣ ከሥሩ ያለው ክፍል ቡናማ ሆኖ ማየት የማያከራክር ምስክር ነው።

አንድ ሰው «ፎስፌት የተለጠፈበትን ፒ65 ብቻ የሚይዝ አንቲቦዲ ብጠቀምስ?» ብሎ እንደሚመክርዎት እገምታለሁ። በብዛት የሚሸጠው ሴሪን 536 ላይ የተለጠፈውን የሚይዘው ነው፤ ይህ ቁጥር የሰው ነው፣ በአይጥ ፒ65 ላይ ያው ቦታ 534 ተብሎ ይቆጠራል። መልካም አንቲቦዲ ነው፤ ነገር ግን ፎስፌት መለጠፉና ኒውክለስ መግባቱ አንድ ነገር አይደሉም፤ በሳይቶፕላዝም ውስጥ እያለም ሊለጠፍበት ይችላል። ፎስፌቱ ደግሞ ተሰናባች ነው። ደም ከተቋረጠበት ደቂቃ ጀምሮ ፎስፌትን የሚያነሡት ፎስፋቴዝ ኢንዛይሞች ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ፎርማሊን በበኩሉ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ጥልቀቱ ሲጨምርም ይዘገያል። በዚህ መንገድ ከሄዱ አንዱን ስላይድ ቀለም ከመጀመርዎ በፊት በላምዳ ፎስፋቴዝ ያክሙት፤ ቀለሙ ካልጠፋ አንቲቦዲው የያዘው ፎስፌቱን አይደለም። አንቲቦዲው ያለ ቦታው እንዳይጣበቅ ለማገድም ወተት አይጠቀሙ፤ የወተት ኬዚን ራሱ ፎስፌት የተሸከመ ፕሮቲን ነው። የከብት ሴረም አልቡሚን ይበቃል።

የጊዜው ነገር ጠቅላላ ፒ65ንም ይነካል፤ የአንጀት ሽፋን በፍጥነት ይፈርሳልና። አንጀቱን ከፍተው፣ ይዘቱን አጥበው፣ ጠቅልለው ወይም ዘርግተው ወዲያው በይዘቱ ከ10 እጥፍ በማያንስ ገለልተኛ ፎርማሊን ውስጥ ያስገቡት፤ 24 ሰዓት ጥሩ ነው፣ ለሳምንታት ግን አይርሱት። አንድ ጥንቃቄ በጽሑፎች ውስጥ እምብዛም አላየውም፦ ጤነኞቹን አይጦች ሁሉ ጠዋት፣ የታመሙትን ሁሉ ከሰዓት በኋላ አይክፈቱ። እያፈራረቁ ይክፈቱ። አለበለዚያ በቡድኖቹ መካከል የሚያዩት ልዩነት የበሽታው ይሁን የእጅዎ ድካም ማንም አይለይልዎትም።

የተቀረው አሠራር አጭር ነው። ቁራጩ 4 ማይክሮሜትር ይሁን፤ ተቆርጦ ለወራት የቆየ ስላይድ አይጠቀሙ። ኤፒቶፑን በሙቀት ለመግለጥ ሲትሬትን በፒኤች 6፣ ትሪስ ከኢዲቲኤ ጋር ደግሞ በፒኤች 9 ጎን ለጎን ይሞክሩ፤ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። አንቲቦዲውን ከ1 ለ50 ጀምረው እጥፍ እጥፍ እያቀጠኑ ይውረዱ። የሚመርጡት በጣም የጠቆረውን ስላይድ አይደለም፤ በሕዋስ ብሎኩ ላይ ባልተነካውና ቲኤንኤፍ በቀመሰው ወገን መካከል ልዩነቱ ሰፍቶ የሚታይበትን ነው። ስላይድዎ በሙሉ ቡናማ መሆኑ የአንቲቦዲው ክምችት በቀላሉ ከመብዛቱም ሊመጣ ስለሚችል ይህን ደረጃ አይዝለሉት። ለማጠቢያም ሆነ ለማቅጠኛ ሶዲየም አዛይድ ያለበት ፈሳሽ አያስገቡ፤ ፐሮክሲዴዙን ይገታዋል።

ሲያነቡት ኒውክለስን ሰማያዊ የሚያደርገውን ሄማቶክሲሊን ያቅልሉት። ብዙ ጊዜ የኒውክለስ ቡናማ የሚጠፋው በጠቆረ ሰማያዊ ሥር ተደብቆ ነው። በተቃራኒው ደግሞ 4 ማይክሮሜትር ቁራጭ ውስጥ ከኒውክለሱ በላይ ወይም በታች ስስ ሳይቶፕላዝም ሊቀር ስለሚችል፣ ደብዛዛ ቡናማ ያለበት ኒውክለስ በእርግጥ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚቆጥሩት ኒውክለሱ ከዙሪያው ሳይቶፕላዝም የጠቆረበትን ሕዋስ ብቻ ይሁን። ቆጣሪው ስላይዱ ከየትኛው ቡድን እንደሆነ አይወቅ። ጥርጣሬ ከቀረ በፍሎረሰንስ አቅልመው በኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ቢያዩት ከላይና ከታች ያለው ይለያል። ከአንቲቦዲ ውጭ የሆነ ምስክር ከፈለጉ የፒ65ን የራሱን ኤምአርኤንኤ (ከጂኑ የሚገለበጠውን መልእክት) አይለኩ፤ መነቃቃቱን አይናገርም። በፒ65 የሚነሡትን ጂኖች፣ ለምሳሌ የአይ ካፓ ቢ አልፋን ወይም ኤ20 የተባለውን ፕሮቲን፣ ኤምአርኤንኤ ከዚያው አንጀት ይለኩ።

እነዚያ ሦስት ስላይዶች ጥፋቱን በሁለተኛው አንቲቦዲ ላይ ካረጋገጡ፣ ያኔ ይግዙ። ከጥንቸል የተሠራ ሪኮምቢናንት ሞኖክሎናል ይምረጡ፤ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ስለሆነ የሚቀጥለው ጠርሙስ ከዛሬው አይለይም። የአይጥ ፒ65ን እንደሚይዝ፣ በፓራፊን ሕብረ ሕዋስ ላይ እንደተፈተነና ጂኑ በተወገደባቸው ሕዋሳት እንደተረጋገጠ የሚያሳይ ምስል ሻጩን ይጠይቁ። ምስሉ የዌስተርን ብሎት ብቻ ከሆነ ትንሹን መጠን ገዝተው በሕዋስ ብሎክዎ ይፈትኑት። በጽሑፍዎም የአንቲቦዲውን ክሎን፣ የካታሎግና የምርት ቁጥር፣ የተጠቀሙበትን ክምችት በማይክሮግራምና የሙቀት መግለጫውን ፒኤች ያስፍሩ። አሁን ያለዎት የአይጥ አንቲቦዲም በዌስተርን ብሎት ጥሩ እስከሠራ ድረስ፣ ለኒውክለስና ለሳይቶፕላዝም ክፍልፋዮች ብሎት ሊያገለግልዎት ይችላል፤ ከዚያው አንጀት ትኩስ ናሙና ካስቀሩ ስላይዱ ላይ ያዩትን በሌላ በኩል ይደግፍልዎታል።